የሽለላ ክብደት፦ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን በስተርጅና

በጎጃም ሽለላ በጩኸት አይጀመርም። ይህን ያየሁት በልጅነቴ፣ ገበዝ ማርያም አካባቢ በአንድ የጥር ሠርግ ላይ ነው። የዳሱን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተደግፈው የተቀመጡ አዛውንት በዱላቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። ዝቅ ባለ፣ በጎረነነ ድምፅ አንድ ሐረግ አወጡና ዝም አሉ። ዳሱ ሙሉ ሰው ያንን ዝምታ አብሯቸው ያዘ። ከዚያ ወንዶቹ ተቀበሉ። ሁለተኛው ሐረግ ከረር አለ፤ በሦስተኛው ብድግ አሉ። ጥቂት እንደቆዩ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ እልልታው የቀለጠው ያኔ ነው። በሽለላ የሻከረ ጉሮሮ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ሸላዩ ያሳለፈው ዘመን የሚሰማው በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

የዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ያንን ስንጥቅ ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያና በሰባ አንድ ዓመቱ ያወጣው «ሞአ አንበሳ» የተባለው አልበም ነው። አልበሙ ከቀደሙት ሥራዎቹ ሁሉ የከበደ ነው። ክብደቱን ያመጣው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ምክንያቱን ከሽለላው ከራሱ፣ በተለይም ከተቀባዩ ዘንድ እፈልገዋለሁ።

ጌታቸው በ1935 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በይፋት ተወለደ። እጁን ያፍታታው በክራርና በማሲንቆ ነው። በ1949 አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ገባ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። የትንፋሽ መሣሪያ በአገራችን ሥር የሰደደው በመንግሥት ጥላ ሥር ነው፤ በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት «አርባ ልጆች» የሚባሉት የአርመን ወጣቶችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዚያ ታሪክ ጉልህ ምዕራፍ ናቸው። መሣሪያው የመጣው ለሰልፍና ለቤተ መንግሥት ሥርዓት ነበር። ጌታቸው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጦር ሜዳውንና የአውድማውን ሽለላ ነፋበት። መድረክ ላይ ሲወጣ የአንበሳ ጎፈር ይደፋ የነበረውም ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የሚነፋው ነገር የማን እንደሆነ ማሳየቱ ነበር።

እዚህ ላይ ሽለላን፣ ፉከራንና ቀረርቶን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉና። ፉከራ «ዘራፍ» ብሎ የሚነሳ፣ ዜማ የሌለው ወይም ዜማው እጅግ ያነሰ፣ ቃሉ እንደ ጥይት የሚወርድበት ነው። ቀረርቶ በረጅም ዜማ ስሜትን ያነሣሣል። ሽለላ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ዜማ አለው፣ ምቱን ግን የሚወስነው የሸላዩ ትንፋሽ ነው። በዚያ ላይ ያለ ተቀባይ አይቆምም። በአምስቱ የጣሊያን ወረራ ዓመታት የጎጃም ዐርበኛ ሲሸልል ብቻውን ለጫካው አልነበረም፤ አጠገቡ ያለው ሰው ሐረጉን አንሥቶ ይመልስለት ነበር። አንዱ ሐረግ ከሌላው የሚከብደው መልሱ ስለሚጫነው ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቀረጹትን፣ በ2003 «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ሆነው የታተሙትን ሥራዎቹን ሳደምጥ ሁልጊዜ የሚጎድለኝ ይህ መልስ ነው። ሳክስፎኑ ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ ይንቀጠቀጣል። አጃቢዎቹ ግን እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ጨዋ ልጅ ከኋላ ሆነው ምታቸውን ብቻ ይጠብቃሉ። ውበቱን አልክድም፤ ደጋግሜ የማደምጠው ነው። ያ ሰው ግን ብቻውን ይሸልላል።

የውጭ ሐያስያን አጨዋወቱን ከአሜሪካ «ፍሪ ጃዝ» ጋር ያነጻጽሩታል፤ እነ ኦርኔት ኮልማንን ቀድሟል እያሉም ያደንቁታል። የኮልማን የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1958 ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ያስኬዳል። ንጽጽሩ ግን መንገድ ያስታል። ኮልማን የጃዝን ሕግ እያወቀ ጣሰ፤ ጌታቸው ሕግ አልጣሰም፤ የሽለላን ሕግ አክብሮ ነፋ።

አንጋፋ ሙዚቀኛ ዕድሜው ሲገፋ ይለዝባል የሚለው ግምትም ሁልጊዜ አይሠራም። የመጀመሪያ አልበሙን በ1987 ያወጣው የአሜሪካው ትራሽ ሜታል ባንድ ቴስታመንት፣ አሥር ዓመት ቆይቶ በ«ዲሞኒክ» ከቀድሞው የጠቆረና የጎረነነ ድምፅ ይዞ መጣ። በ1999 ደግሞ የስሌየር ባንድ ከበሮ መቺ የነበረውን ዴቭ ሎምባርዶን ከበሮ ላይ አስቀምጦ «ዘ ጋዘሪንግ»ን ሠራ። የባንዱ መሠረት ያው ነው፤ አብሮ የሚመታው ሰው ሲለወጥ ግን የሚሸከመው ክብደትም ይለወጣል።

የጌታቸውም ነገር እንዲሁ ነው። በ1979 በኔዘርላንድስ የተመሠረተው ዘ ኤክስ የፓንክ ባንድ ነው፤ በ2002 ኢትዮጵያን ዞሮ ተጫውቷል። በ2004 ጌታቸው ለባንዱ 25ኛ ዓመት በዓል ወደ አምስተርዳም ተጋበዘ። ሲጫወቱ ሰማቸውና አብራችሁኝ ተጫወቱ አላቸው። ይህ መዘንጋት የለበትም፤ የመረጠው እሱ ነው። በጊታር ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር፣ በከበሮ ካትሪና ቦርንፌልድ፣ በክላርኔት ፈረንሳዊው ዣቪየ ሻርል፣ በአልቶ ሳክስፎን ካናዳዊው ብሮዲ ዌስት፣ በትሮምቦን ዮስት ባውስ ተሰለፉ። አልበሙ በ2006 ወጣ።

«ቼ በለው ሽለላ»ን ያደመጠ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይለየዋል። ጊታሮቹ ዜማውን አያጅቡም፤ ይፋጫሉ፣ ይቧጥጣሉ፣ ጥሬ ብረት ሆነው ይመልሳሉ። ጌታቸው ሲጮህ ለማለስለስ የሚሞክር የለም። ትንፋሹ በዕድሜ አጥሮ ድምፁ ሲሻክርም የሚሸፍነው የለም፤ ሻካራ ከሻካራ ጋር ይቆማል። አማርኛ የማይሰሙ ሙዚቀኞች የሽለላ ተቀባይ ሆነው መገኘታቸው መጀመሪያ አስደንቆኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ከፓንክ ያመጡት ልማድ፣ ማለትም ሳያሳምሩ በኅብረት መመለስ፣ ከዳሱ ልማድ ብዙም አይርቅም። «የአንበሳው ትዝታ» የተባለው ሁለተኛ አልበማቸው በ2012 ተከተለ፤ ጌታቸው በ2016 በሰማንያ አንድ ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መስመር ሠርግ ያለ ኪቦርድና ያለ ሞንታርቦ አይታሰብም። ድምፁ ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ይጮኻል። በቅርቡ በታደምኩበት አንድ ሠርግ እኒያን የልጅነቴን ሸላይ የሚያስታውሱኝ አዛውንት ማይክ ተሰጣቸው። ኪቦርድ የሚጫወተው ወጣት አውቶማቲኩን ምት ለቀቀ፤ ምቱ ትንፋሽ አይጠብቅምና አዛውንቱ ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ ተሰናከሉ። በሦስተኛው ወጣቱ ምቱን አጠፋ፤ አንዲት ወፍራም ድምፅ ብቻ በግራ እጁ ተጭኖ ያዘና አንገቱን ቀና አድርጎ አፍ አፋቸውን ያይ ጀመር። አዛውንቱ ሐረጋቸውን ጨርሰው ዝም አሉ። ወጣቱ ጣቱን አነሣ፤ ወንዶቹም ተቀበሉ።