ልብ አንጠልጣይ ከመርካቶ
መርካቶ ገብታችሁ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴውን «ልብ አንጠልጣይ አለህ?» በሉት። የስለላ መጻሕፍትን ለዓመታት እየተረጎሙ ያስነበቡንን የማሞ ውድነህን ሥራ ከክምሩ ይመዝላችኋል፤ ቀጥሎ «ዴርቶጋዳ»ን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለድ ከጣና ገዳማት ተነስቶ ሞሳድና ሲአይኤ ድረስ ያካልባል። ሴራው አንጠልጥሎ ይወስዳል፤ ሰዎቹ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለሴራው መጋለቢያ ሆነው ቀርተዋል።

የመናፍስት ታሪክስ? በአማርኛ ልብ ወለድ እምብዛም ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተረጎመው «ሐምሌት» ላይ የሟች ንጉሥ መንፈስ ብቅ ይላል፤ እሱም ቢሆን የውጭ እንግዳ ነው። ጂኑም ዛሩም የሰፈር ወሬ ሆኖ በነፃ የሚሰማ ስለሆነ፣ ማን ገንዘብ አውጥቶ ያነባል?

ለእኔ የዘርፉ ቁንጮ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው በዚህ መጽሐፍ የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ፍቅርና ስለላ አስመራ ላይ ይጠላለፋሉ። አንባቢው «ሰላዩ ማነው?» እያለ ገጽ ሲገልጥ፣ ሹማምንቱ የገዛ መልካቸውን አዩበት። መጽሐፉ ከየሱቁ ተለቀመ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ተገኘች፤ እሱ ግን አልተገኘም።