የባሕር ሙላት እስከ የት ይደርሳል?

እናንተ በዳንግላና በእንጅባራ ዙሪያ ሆናችሁ የምትከታተሉን፣ «ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ታሪክ ምን ይሠራልናል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከየቀበሌያችን ለእንጀራ ብለው ወደ ጅቡቲና ወደ ዓረብ አገሮች የባሕር ዳርቻ የወረዱ ልጆች አሉ። የእነሱ አደጋ የእኛም ስጋት ነው።

ለመሆኑ የባሕር ሙላት ምንድን ነው? በገበቴ ውኃ ላይ ከአንድ ወገን በኃይል እፍ ብትሉ ውኃው ወደ ማዶው ጠርዝ ይገፋል። በሞቃት ባሕር ላይ የሚነሣው ታላቅ ዐውሎ ነፋስ፣ ሳይክሎን የሚባለው፣ ባሕሩን እንዲሁ ወደ የብስ ይገፋዋል።

ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ሌሊት፣ ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል በነበረችው በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ሙላቱ ዝቅተኛ ደሴቶችን ዋጠ። ከ300,000 የማያንስ ሰው አለቀ። የፎገራን ሜዳ ያየ ሰው ይረዳዋል፤ አገሩ ለጥ ያለ ስለሆነ ውኃውን የሚያቆም ዳገት አልነበረም። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ደግሞ ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአሜሪካ፣ በሚሲሲፒ ጠረፍ ባሕሩን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገባው። በባሕረ ሰላጤና በወንዝ በኩል ግን እስከ 19 ኪሎ ሜትር ዘለቀ። ልብ በሉ፤ ወንዝ ለባሕር መንገድ ይሆንለታል።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ ከቀይ ባሕርም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ሙላቱ እኛ ዘንድ አይደርስም። የሳይክሎን ዝናብ ግን ሙላቱ ከቆመበት አልፎ ይሄዳል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን ሶማሌላንድን ሲመታ፣ ዝናቡ እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገብቶ በጎርፍ ጉዳት አደረሰ።

ባንግላዴሽ ከ1963ቱ እልቂት በኋላ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠነች፤ ከፍ ያሉ መጠለያዎች ሠራች፤ ማስጠንቀቂያው በየመንደሩ እንዲሰማ አደረገች። በኅዳር 2000 ዓ.ም. ሲድር የተባለው ብርቱ ሳይክሎን ሲመታት ከ3,000 በላይ ሰው ሞተ። ይህም ትልቅ ሐዘን ነው፤ ከ300,000 ጋር ግን አስተያዩት።

እንግዲህ ባሕር ዳር ላለው ልጃችሁ ይህን ጻፉለት፦ ማስጠንቀቂያ ሲነገር ነፋሱ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ከወንዝ አፍ ራቅ፤ ከፍ ወዳለው መሬት ውጣ። በደብዳቤም ይሁን በስልክ መልእክት፣ በገዛ እጃችሁ ጻፉት። ፊደል የቆጠራችሁት ለእንዲህ ያለው ቀን ነውና።