ባልዎ፦ በጭነት መኪና የተጓዘው ዜማ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከጅግጅጋና ከአውበሬ እስከ ዘይላ ወደብ በተዘረጋው ምድር፣ በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ታላቅ ክብር የነበረው የቃል ጥበብ ጋባይ ነበር። ጋባይ ጎልማሳ ወንዶች ስለ ጠብ፣ ስለ ዕርቅና ስለ ጎሳ ጉዳይ የሚገጥሙት፣ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በዝግታ የሚዜም ረጅም ግጥም ሲሆን፣ ወጣቶች በጭፈራ የሚቀባበሉት ዳንቶን የመሰለ አጭር ዘፈን ግን ከቁም ነገር አይቆጠርም ነበር።

ይህን ሥርዓት በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ያናጋው አብዲ ሲኒሞ የተባለ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከአውበሬ ብዙ በማይርቀው በቦረማ አካባቢ የተወለደው አብዲ መኪናው ሐባስ በተባለ ምድረ በዳ ተበላሽታበት የመጀመሪያውን ባልዎ በዚያ እንደ ገጠመ ይነገራል። ባልዎ፣ ስሙ ከዐረብኛ የተወሰደና መከራ ማለት የሆነ፣ በጥቂት ስንኞች የሚያልቅ የፍቅር እንጉርጉሮ ነው። ማጀቢያው መጀመሪያ በእጅ የሚመታ ባዶ የቤንዚን ቆርቆሮ ሲሆን፣ ከበሮ የተተካው ቆየት ብሎ ነው። ሾፌሮችና ነጋዴዎችም ዜማውን ወደ ሐርጌሳ፣ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅግጅጋ ይዘውት ሄዱ።

የሃይማኖት አባቶች አጥብቀው አወገዙት፤ በተለይ ወንድና ሴት በአንድነት መዝፈናቸው፣ ኋላም ኸዲጃ ባልዎ የተባለችው ዘፋኝ በዚሁ ሙያ መታወቋ፣ በዚያ ዘመን ዐይን ነውር ነበር። ይሁንና አብዲ የጣሰው ደንብ ተቃዋሚዎቹ ያሰቡትን ያህል አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በየስንኙ በአንድ ድምፅ የሚጀምር ቃል እንዲኖር የሚያዝዘውን የሶማሊኛ ግጥም ዋና ሕግ እንደ ጋባይ ገጣሚዎች ሁሉ ጠብቋል፤ የአጭርነቱም ሥር ያው የተናቀው የወጣቶች ጭፈራ ነበር።

ባልዎ ብቻውን ብዙ ዕድሜ አላገኘም። ገጣሚዎች አጫጭሮቹን ዘፈኖች እያያዙ ሲያስረዝሙ ሄሎ የተባለው አዲስ የዘፈን ዓይነት ተወለደ፤ ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ ከተማ የተወለደው አብዱላሂ ቀርሼም የዐረቦቹን ባለ አውታር መሣሪያ ኡድን አክሎበት በሐርጌሳ ሬዲዮ አማካይነት በየቤቱ አደረሰው። በ1954 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው የኢትዮጵያና የብሪታንያ ስምምነት ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅና ደቡብ ያለውን የሐውድ ግጦሽ ምድር ለኢትዮጵያ ሲመልስ፣ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ነዋሪዎች ተቃውሟቸውን ካሰሙባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው በፍቅር እንጉርጉሮ የጀመረው ሄሎ ነበር። አብዲ ሲኒሞ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ሲያርፍ፣ የባልዎ ልጅ የሆነው ሄሎ የዘመናዊው ሶማሊኛ ዘፈን ዋና መልክ ሆኖ ነበር።