የገበሬውን ስም የሸጠው ሱቅ

ኮቬንት ጋርደን ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የለንደን አትክልትና ፍራፍሬ ተራ ነበር። በ1974 ገበያው ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ወደ ናይን ኤልምስ ሲዛወር በዙሪያው የነበሩት መጋዘኖች ባዶአቸውን ቀሩ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከመጋዘኖቹ ጀርባ ኒልስ ያርድ የምትባል አንዲት ችላ የተባለች ጠባብ ግቢ ነበረች። ኒኮላስ ሳውንደርስ የተባለ፣ ከተለመደው ወጣ ያለ ኑሮ የሚሰብክ ሰው በ1976 እዚያ የእህልና የጥራጥሬ መደብር ከፈተ። ነገሩ ሲሰምርለት ዳቦ ቤትና ቡና መቁያ ተከተሉ፤ በ1979 ደግሞ ተራው የወተት ቤት ሆነ። ኒልስ ያርድ ዴሪ ተባለ። ሥራውን የያዘው ራንዶልፍ ሆጅሰን የምግብ ሳይንስ ተምሮ የወጣ ወጣት ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሱቁ የሚሸጠው እዚያው የተሠራ እርጎ፣ ለጋ አይብና አይስክሬም ነበር።

ዛሬ የለንደን ሰው የአገሩን አይብ ፍለጋ የሚሰለፍበት ሱቅ ይህ ነው። ያን ጊዜ ግን የሚሰለፉለት አይብ ራሱ ሊጠፋ ትንሽ ነበር የቀረው።

ቼዳር እንዲያው የቢጫ አይብ መጠሪያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትውልዱ ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከሰመርሴት ነው። እኛ አይብ የምናወጣው ቅቤው የተናጠለትን አሬራ በእሳት አሙቀን ነው፤ ከቀናት በላይ አይቆይም። የሰመርሴት ገበሬ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ትኩስ ወተት በእርሾና ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ይረጋል። የረጋው ተቆራርጦ አጓቱ ይፈስሳል፤ የቀረው እንደ ጡብ እየተቆረጠ፣ እየተገላበጠ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረደረ በራሱ ክብደት እርጥበቱን ይጨርሳል። ከዚያ ተፈርፍሮ ጨው ይነሰነስበታል፣ በመጫኛ ይጨመቃል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል። ጨርቁ በተለምዶ የሚቀባው የአሳማ ሞራ ነው፤ ይህን ሲሰማ ብዙው አንባቢ ፊቱን ማጥቆሩ አይቀርም። እንዲህ ሆኖ በጓዳ መደርደሪያ ላይ ዓመትና ከዚያም በላይ ይከርማል። ላሟ የጋጠችው ሣር፣ የታለበችበት ወር፣ የሠሪው እጅ፣ የጓዳው እርጥበት ሁሉ ጣዕሙ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የአንዱ ገበሬ ቼዳር የጎረቤቱን አይመስልም።

ይህን ልዩነት የገደለው ድርቅ ወይም በሽታ ሳይሆን መንግሥት ነው። በ1933 የተቋቋመው የወተት ገበያ ቦርድ የገበሬውን ወተት በተቆረጠ ዋጋ መረከብ ጀመረ። ለገበሬው እፎይታ ነበር፤ ነገር ግን ወተቱን በር ላይ አስረክቦ ገንዘቡን የሚቆጥር ሰው ዓመት ሙሉ አይብ ሲያገላብጥ የሚኖርበት ምክንያት አልነበረውም። ስድስት ዓመት ቆይቶ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የምግብ ሚኒስቴር ለስላሳና ቶሎ የሚበላሹ አይቦችን አግዶ ወተቱን ለሚጓጓዝና ለሚቆይ ጠንካራ አይብ አዋለው። ሕዝቡ ያንን «የመንግሥት ቼዳር» አለው። የአንድ ሰው ራሽን ከፍ ዝቅ ቢልም፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት አውንስ፣ ማለትም ከ60 ግራም በታች ነበር። በእኔ እምነት ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት እንዲህ ማድረጉ አያስወቅሰውም። የሚያስወቅሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ራሽኑ ጦርነቱ ካበቃ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ1954 ሲነሳ፣ አንድ ትውልድ ሌላ ጣዕም ሳያውቅ አድጎ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ከሺህ በላይ የነበሩት እርሻቸው ላይ አይብ የሚሠሩ ቤተሰቦች ወደ መቶ ገደማ ወርደው ነበር። ገበያውን ፋብሪካው፣ መደርደሪያውን በፕላስቲክ የታሸገው ወረሰው።

የቀሩትን እየፈለገ መዝገብ የያዘላቸው ፓትሪክ ራንስ የሚባል፣ ባለ አንድ ዓይን መነጽር ጡረተኛ ሻለቃ ነው። በቴምዝ ዳር ስትሪትሊ በምትባል መንደር ሱቅ ነበረው፤ በ1982 ያሳተመው የብሪታንያ አይቦች መጽሐፍ የቀረውንም የጠፋውንም የቆጠረ፣ የተናደደ ሻለቃ ክስ ነው ማለት ይቻላል።

ሆጅሰን ደግሞ የቀሩትን ሠሪዎች ፍለጋ መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። ገበሬው ቤት ይሄዳል፤ ረጅሙን የአይብ መውጊያ ብረት ክቡ አይብ ውስጥ ሰክቶ አዙሮ ያወጣል፤ ቀጭኑን ናሙና ያሸታል፣ ጫፉን ይቀምሳል፣ የተረፈውን ወደ ቀዳዳው መልሶ በአውራ ጣቱ ይደፍነዋል። የትኛው ቀን የተሠራው እንደሚሻል ለገበሬው ይነግረዋል፤ የወደደውን ቀን ክብ ብቻ ጭኖ ይመለሳል። ለንደን ሲደርስ አይቡን የሚሸጠው በሠሪው ስም ነው፤ የሚሲስ አፕልቢ ቸሺር፣ የሚሲስ ከርክሃም ላንካሺር፣ የሞንትጎመሪ ቼዳር እየተባለ። ሻጩ ከክቡ ስስ ቁራጭ በቢላዋ ጫፍ አንስቶ ያቀምስሃል፤ ካልጣመህ ሌላ ይቆርጣል። ዋጋው ከሱፐርማርኬቱ በብዙ እጥፍ መሆኑን አልደብቅም፤ ይህ የደሀ ሱቅ አይደለም። ነገር ግን ከዋጋው ተገቢው ድርሻ ወደ እርሻው ባይመለስ ኖሮ የሠሪዎቹ ልጆች የእናታቸውን ሥራ ባልተረከቡ ነበር።

ፈተናው በ1989 መጣ። በአይብ ውስጥ የተገኘው የሊስቴሪያ ባክቴሪያ አገሩን ሲያስደነግጥ መንግሥት ፓስቸራይዝ ካልተደረገ (ተህዋስያንን ለመግደል ካልሞቀ) ወተት የሚሠራ አይብ ሁሉ እንዲታገድ ሐሳብ አቀረበ። ሠሪዎቹ ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆጅሰን ሆነ፤ እገዳውም ቀረ። ስቲልተን የሚባለው ሰማያዊ ሻጋታ ያለው ዝነኛ አይብ ግን በዚያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ወደ ፓስቸራይዝድ ወተት ተሻገረ፤ በኋላ በ1996 የአውሮፓ የስም ጥበቃ ሲሰጠው ፓስቸራይዝድ ወተት ግዴታ ሆኖ ተጻፈበት። ሆጅሰን ዝም አላለም። በ2006 ከጆ ሽናይደር ጋር በኖቲንግሃምሺር እንደ ጥንቱ ፓስቸራይዝ ካልተደረገ ወተት መሥራት ጀመረ። ሕጉ ስቲልተን ብሎ መሸጥ ስለሚከለክለው ስቲቸልተን አለው። ጥንታዊውን አሠራር የጠበቀው አይብ በስሙ የማይጠራበት አገር ማለት ነው።

ሱቁ ዛሬ በለንደን ቅርንጫፎች አሉት፣ ባሕር ማዶም ይልካል፤ አይቡን የሚያከርመው በበርመንዚ ከባቡር ሐዲድ ሥር ባሉ የጡብ ቅስቶች ውስጥ ነው። በ2024 አንድ ሰው የትልቅ የፈረንሳይ ቸርቻሪ ወኪል መስሎ ቀርቦ 950 ክብ፣ 22 ቶን የሚመዝን በጨርቅ የተጠቀለለ ቼዳር አስጭኖ ተሰወረ፤ ዋጋው ከ300,000 ፓውንድ በላይ ነበር። አይቡ የዌልሱ ሃፎድና የሰመርሴቶቹ ዌስትኮምብና ፒችፎርክ ሥራ ነው። ኪሳራው ለሱቁ ከባድ ቢሆንም ሦስቱን ሠሪዎች ሙሉ ገንዘባቸውን ከፍሏቸዋል። ከዚያ በዓለም ላሉ አይብ ነጋዴዎች ማስጠንቀቂያ በተነ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የሠሪው መለያ የተነቀለበት ቼዳር የሚያቀርብላችሁ ካለ አሳውቁን የሚል።