ኤክቶፒክ፦ ከማህፀን ውጭ እርግዝና

«ኤክቶፒክ» የተባለው የሕክምና ቃል ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ከቦታው የወጣ ማለት ነው። በአማርኛ «ከማህፀን ውጭ እርግዝና» እንለዋለን። ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው የሚያርፈው በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው። በቀድሞ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ ወይም በማህፀን አንገት የሚያርፈው ግን ከማህፀን ሳይወጣ ቦታውን የሳተ ስለሆነ ስያሜያችን እሱን አይሸፍንም። ቢሆንም ስሙን አልለውጠውም፤ አደጋው የት እንዳለ ለእናቲቱ ወዲያው ይነግራታል።

ቱቦው እንደ ማህፀን አይለጠጥም። ጽንሱ ሲያድግ ይፈነዳል፤ ደሙም ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። በውጭ ጠብ ጠብ የሚል ደም ብቻ ያየች ሴት በውስጧ ብዙ ደም እያጣች ሊሆን ይችላል። የወር አበባ ቀርቶ ታችኛው ሆድ ሲያም፣ ትከሻ ሲወጋ፣ ራስ ሲያዞር ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ትከሻ የሚያመው የፈሰሰው ደም ከሳንባ በታች ያለውን ጡንቻ ስለሚነካ ነው።

የሽንት ምርመራ እርግዝና መኖሩን እንጂ ያለበትን ቦታ አያሳይም። ቦታውን የሚለየው አልትራሳውንድ ነው። «ማህፀንሽ ባዶ ነው» የተባለች ሴት አላረገዝኩም ብላ ወደ ቤቷ እንዳትመለስ እሰጋለሁ፤ ባለሙያው «እርግዝናው አለ፣ ቦታው ግን አልታየም» ብሎ ይንገራት።

ለሲያደብርና ዋዩ ወረዳ የገጠር ሴት መንገዱ ከጤና ኬላ ተነስቶ ደነባ ሆስፒታል፣ ሲብስም ደብረ ብርሃን ይደርሳል። አልትራሳውንድ በሌለበት ኬላ ምልክቶቹ ብቻ አምቡላንስ ለመጥራት ይበቃሉ። በአገራችን ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት ቱቦው ከፈነዳ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ቀድሞ ከተደረሰበትና ደም ካልፈሰሰ ሜቶትሬክሴት የተባለው መርፌ ጽንሱ እንዳያድግ ያደርጋል። ከዚያ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን የእርግዝናው ሆርሞን በደም ይለካል፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 15 በመቶ መውረድ አለበት። ተመልሳ መምጣት ለማትችል ሴት ይህ መንገድ አይመችም።

ቱቦው ከፈነዳ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሎውሰን ቴይት በ1883 እ.ኤ.አ. በበርሚንግሃም የፈነዳውን ቱቦ ቆርጦ በማውጣት እናቲቱን ካተረፈ ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። ደም ለመተካት የቤተሰብና የጎረቤት ለጋሾች መዘጋጀታቸው ይረዳል።

ሌላኛው ቱቦ ጤነኛ ከሆነ ከዚያ በኋላ መውለድ ይቻላል። ዳግም የመከሰት ዕድሉ ግን ከሌሎች ሴቶች ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ቀጣዩን እርግዝና እንዳወቀች ቦታውን በአልትራሳውንድ ታረጋግጥ።