በጽሑፍ ያለ ይወረሳልን? የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ዓለም ያለፈበት መንገድ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ብሂሉ የብራና ዘመን ልጅ ነውና አንድ ነገር አላሰበም። ጽሑፍ ሳይቃጠል፣ ሳይበሰብስ፣ ምስጥም ሳይበላው ማንም የማያነበው ሆኖ የሚቀርበት ቀን ይመጣል ብሎ አልጠረጠረም። ያ ቀን ከኮምፒውተር ጋር መጣ። በ1990ዎቹ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ኮምፒውተር በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የማይታወቁ ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ኋላ ደግሞ ዝብርቅርቁ ቀርቶ በቦታው የባዶ ሳጥኖች ረድፍ ተተካ። ሁለቱም መልእክታቸው አንድ ነው፤ መሣሪያው «ይህን ፊደል አላውቀውም» ማለቱ ነው።

ይህ ችግር ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ከአገሩ ርቆ በፊደሉ ለሚገናኝ ሰው ነው። ካርቱም የእንዲህ ያሉ ሰዎች ከተማ ሆና ኖራለች። በከተማዋ ደቡብ የሚገኘው ማዮ ስሙን የወሰደው ጃዕፈር ኒሜሪ ሥልጣን ከያዙበት ከግንቦት 25 ቀን 1969 ዓ.ም. «የግንቦት አብዮት» ሲሆን፣ በጦርነትና በድርቅ የተፈናቀሉ ሰዎች ከየአቅጣጫው መጥተው የሰፈሩበት፣ ከዐረብኛ ጎን ብዙ ቋንቋዎች የሚሰሙበት ሰፈር ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ሱዳን የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንም በካርቱም ልዩ ልዩ ሰፈሮች ኑሮ መሥርተዋል። በዚህች ከተማ የሚገኘው ኪቦርድ ዐረብኛና እንግሊዝኛ የተቀረጸበት ነው። አማርኛ አንባቢው ፊደሉን በኮምፒውተር ለማግኘት የሩቅ ባለሙያዎችን ድካም መጠበቅ ነበረበት።

የነገሩ ሥር ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሮም ላይ ሲያሳትም፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ እርሳስ ይቀረጽለት ስለነበር የፊደሉ ብዛት ሥራውን ቢያበዛውም አላገደውም። እገዳ የሆነው የጽሕፈት መኪና ነው፤ ቁልፎቹ ጥቂት ናቸውና። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ከዚሁ ጥበት ጋር በመታገል ነበር። መላው ግእዙን አስቀድሞ መትቶ፣ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ ከጎኑ መለጠፍ ሆነ። ፊደሉም ቅርጹ ተዛባ። «ፊደላችን በዝቷልና ይቀነስ» የሚለው ክርክር በየጊዜው ያገረሸው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። ለመሣሪያው ጥበት መልስ ይስጥ የተባለው መሣሪያው ሳይሆን ፊደሉ ነበር።

ኮምፒውተር ይህንኑ ጥበት ወረሰ። በ1963 አሜሪካ ውስጥ የወጣው አስኪ የተባለው የፊደላት ቁጥር ሥርዓት 128 ቦታዎች ብቻ ነበሩት። ኋላ ወደ 256 ቢሰፋም እንኳ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ምልክት ላለው የግዕዝ ጽሕፈት አይበቃም። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት እነ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ፊደሉን በኮምፒውተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን ሠሩ። ከእነርሱም በኋላ ብዙዎች ተከተሉ። መፍትሔው በየቤቱ የተለያየ ነበር። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ቅጥያ ለጠፈ። የላቲኑን ቦታ ለአማርኛ ሲሰጡም እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ቅደም ተከተል ደረደረው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየመሥሪያ ቤቱ ሲስፋፉ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል እንደያዘ ብቻ ነው። አማርኛ የሚሆነው ትክክለኛው ፎንት ሲለብስ ነውና፤ ልብሱ ሲወልቅ አማርኛነቱ አብሮ ይወልቃል።

በዚህ መካከል ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። ሴራ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሲሆን፣ ለምሳሌ «ተ» በትንሹ ቲ፣ «ጠ» ደግሞ በትልቁ ቲ ይወከላል። ለዓይን ባያምርም አንድ ታላቅ ጥቅም ነበረው፤ ከየትኛውም ኮምፒውተር ወደ የትኛውም ኮምፒውተር ሳይበላሽ ይደርስ ነበር።

ዘላቂው መፍትሔ የዓለምን ጽሕፈት ሁሉ በአንድ የቁጥር መዝገብ የማስፈር ሐሳብ ነው። በዜሮክስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጆ ቤከር በ1988 ዩኒኮድ ብሎ የሰየመው ይህ ሐሳብ፣ በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታዎችን ሰጠ። በ2005፣ በ2010ና በ2021 ደግሞ በሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። ይሁን እንጂ ፊደል በመዝገብ መስፈሩና በመሣሪያ ላይ መታየቱ ለየቅል ናቸው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በ2007 ነው። ባዶው ሳጥን የኖረውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነበር። ፊደሉ ቁጥር አለው፤ የሚስለው እጅ ግን በመሣሪያው ውስጥ የለም።

የፕሮግራም ባለሙያዎች የምናብ ፍቅር ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። የሳይንስ ልብ ወለድና የአፈ ታሪክ ዓለማትን መውደድ የሙያው የታወቀ ጠባይ ነው። ከፍቅራቸውም የተነሳ የልብ ወለድ ፊደላትን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ጥረዋል። ስታር ትሬክ ከተባለው ተከታታይ ፊልም የወጣውና ማርክ ኦክራንድ ለ1984ቱ ፊልም ሰዋስው ያበጀለት የክሊንጎን ቋንቋ ፊደል በዩኒኮድ እንዲሰፍር በ1997 ማይክል ኤቨርሰን ጥያቄ አቀረበ። ጥያቄው በ2001 ውድቅ ተደረገ፤ የቋንቋው ወዳጆች ራሳቸው ባብዛኛው በላቲን ይጽፉ ነበርና። የቀለበቶቹ ጌታ ደራሲ ቶልኪን የፈለሰፈው ቴንግዋርም እስከ ዛሬ ቦታ አላገኘም።

ነገሩ ሲታይ ቧልት ይመስላል። ሚሊዮኖች የሚጽፉበት ፊደል ሳጥን ሆኖ ሳለ ለምናብ ፍጡራን ፊደል መድከም ምን ይሉታል ያሰኛል። ግን ያው ኤቨርሰን ለምዕራብ አፍሪካው ንኮ ፊደልና ለጥንታዊው የሜሮዌ ጽሕፈትም ጥያቄ ካቀረቡት አንዱ ነው። የሜሮዌ ጽሕፈት በ2012 በዩኒኮድ ሰፍሯል። ሜሮዌ ከካርቱም በስተሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ፒራሚዶቿ እስከ ዛሬ ቆመው የሚታዩባት የኩሽ መንግሥት መናገሻ ናት። የፊደሏን ድምፅ ግሪፊት የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1911 ፈትቶታል፤ የቋንቋው ትርጉም ግን በአመዛኙ ተሰውሮ ቀርቷል። ስለዚህ በአንድ በኩል ሕዝብ ሳይኖረው ትርጉሙ ሁሉ የታወቀ ክሊንጎን አለ፤ በሌላ በኩል ታላቅ ሕዝብ የጻፈበት፣ ድምፁ እየተነበበ ትርጉሙ የማይገኝ የሜሮዌ ጽሕፈት አለ። ፊደልን ሕያው የሚያደርገው በመዝገብ መስፈሩ ሳይሆን የሚወርሰው ሰው መኖሩ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ፊደሉ ከሰፈረ በኋላም የዕለት ተዕለት ምሬት አላበቃም። ኮምፒውተር «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን፣ «ኃይሉ»ንና «ሀይሉ»ን እንደተለያዩ ቃላት ይቆጥራል። ስለዚህ ስሙ በአንዱ ሆሄ የተመዘገበ ሰው በሌላው ሲፈለግ «የለም» ይባላል። ቅጾች «የቤተሰብ ስም» ብለው ይጠይቃሉ፤ የኢትዮጵያዊ ስም ግን የራስና የአባት ነው። በሱዳንም ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ተከታትሎ ስለሚጠራ ምሬቱ የጋራ ነው። አሥራ ሦስት ወር ያለው ዘመን አቆጣጠርና ከንጋት የሚጀምረው ሰዓትም ለውጭ አገር ፕሮግራም እንግዳ ናቸው። የካርቱም ሰዓት ራሱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ከ2000 መጀመሪያ እስከ 2017 ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሲቆጥር ቆይቶ፣ ከኅዳር 1 ቀን 2017 ጀምሮ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። ለውጡ ያልደረሰው መሣሪያ በሙሉ ልብ የተሳሳተ ሰዓት ይናገር ነበር።

ለካርቱም ባለሙያ ደግሞ ሌላ ቀንበር ነበረበት። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው ማዕቀብ ሶፍትዌርንም ነካ። በ2010 ሶርስፎርጅ የተባለው የነጻ ፕሮግራሞች ማከማቻ ሱዳንን ጨምሮ ማዕቀብ ለተጣለባቸው አገሮች በሩን ዘጋ። ለሁሉም ነጻ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም በቦታ ምክንያት ተከለከለ ማለት ነው። እገዳው ለግል መገናኛ መሣሪያዎች በ2015 ላላ፤ የንግድ ማዕቀቡም በጥቅምት 2017 ተነሳ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የተጀመረው ጦርነት ግን ከፎንትና ከፈቃድ በላይ የሆነ ችግር አመጣ። በየካቲት 2024 የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሲቋረጥ፣ የተበተነ ቤተሰብ «ደኅና ነኝ» የሚል አንድ ቃል እንኳ መላላክ ተሳነው። ያን ጊዜ ፊደሉ በስልኩ ውስጥ ነበረ፤ የጠፋው መንገዱ ነው።

የምናብ ዓለም ለአማርኛ አንባቢ የውጭ ዕቃ ብቻ አይደለም። ጎግና ማጎግን በበር የዘጋው የእስክንድር ታሪክ በግዕዝ ሲነበብ ኖሯል። በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ የቀረጸው «ክራምብስ» የተሰኘው ፊልም፣ ከዓለም ጥፋት በኋላ የዛሬው ዘመን የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ውድ ቅርስ ሲታይ በአማርኛ ያሳያል። በ2018 ደግሞ በሶፍትዌሯ ሥራ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ የተሳተፈባት ሶፊያ የተባለች ሮቦት አዲስ አበባን ስትጎበኝ፣ ከፊል አካሏን የያዘው ሻንጣ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ መርሐ ግብሯ ተስተጓጎለ። የወደፊቱ ዘመን እንግዳ በዛሬው ዘመን የሻንጣ መጥፋት ተያዘች።

«ክራምብስ» የሚያስቀው ነገር በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ አያስቅም። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጻፉ የማኅበር ቃለ ጉባኤዎች፣ የእድር መዝገቦች፣ የስደት ደብዳቤዎችና ያልታተሙ ድርሰቶች ዛሬም በአሮጌ ዲስኮች ውስጥ በየሠሪው የፎንት ቅደም ተከተል ተቆልፈው ይገኛሉ። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ዲስኩም ከዓመት ወደ ዓመት ይበላሻል፤ የሚያነበው መሣሪያም ከገበያ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ዲስክ በሣጥኑ ያለው ሰው ዛሬውኑ ቢያስለውጠውና አንድ ቅጂም በወረቀት ቢያስቀር፣ የአበው ቃል እውነት ሆኖ ይቀጥላል። በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው ወራሹ ሊያነበው ሲችል ነውና።