የሥራ መቀያየር ኪሳራ
የሥራ መቀያየር ኪሳራ አእምሮ ከአንድ ተግባር ወደ ሌላ ሲዞር የሚከሰት የፍጥነት መቀነስና የስህተት መብዛት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አርተር ጀርሲልድ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ መደመርንና መቀነስን እያፈራረቁ የሠሩ ተሳታፊዎች አንዱን ብቻ ሲሠሩ ከነበራቸው ፍጥነት እንደዘገዩ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሮጀርስና ስቲቨን ሞንሰል በ1995 እ.ኤ.አ. ያገኙት ውጤት ይበልጥ አስገራሚ ነው፤ የመዘጋጃ ጊዜ ቢሰጥም ኪሳራው ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። አንዱ ማብራሪያ የቀደመው ተግባር አሠራር ከአእምሮ ወዲያው አለመልቀቁ ነው። ተመራማሪዋ ሶፊ ለሮይ በ2009 እ.ኤ.አ. ያልተቋጨ ሥራ ትኩረትን በከፊል ይዞ እንደሚቀር አመልክታለች። አንድን ሥራ ሳይቋጩ ሌላ አለመጀመር የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። የአንዱ ቅያሬ መዘግየት ብዙ ጊዜ ከሰከንድ በታች ነው፤ መኪና እየነዱ ስልክ ለሚነካኩ ግን ይህችም አደገኛ ናት።